«አሁን» ስትሉ የቱን አሁን ነው? ገና የሆነን ነገር በእንግሊዝኛ ለመናገር

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። አለቃዬ ስልክ ደውላ «ሪፖርቱስ?» አለችኝ። ሪፖርቱን ልኬ እጄን ከኪቦርዱ ማንሳቴ ነበር። ደረቴን ነፍቼ «አይ ሴንድ ኢት ናው» አልኳት። «ኦኬ» ብላ ዘጋችው። ግማሽ ሰዓት ቆይታ መልሳ ደወለች። አሁን ድምጿ ሌላ ነው። ለካ እሷ የሰማችው «አሁን እልከዋለሁ» የሚል ነው። የገባላትን ኢሜይል የድሮው ረቂቅ መስሏት ሳትከፍተው፣ አዲሱን ስትጠብቅ ነበር። አራት ቃል ተናግሬ ግማሽ ሰዓት አቃጠልኩ።

ጥፋቱን በአማርኛዋ «አሁን» ላይ ብደፈድፈው ይቀለኛል። ይህች ቃል ሦስት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። «አሁን ላክሁት» ስንል አልፏል። «አሁን እየላክሁት ነው» ስንል እየሆነ ነው። «አሁን እልከዋለሁ» ስንል ገና ነው። ጊዜውን የሚለየው ግሱ እንጂ እሷ አይደለችም። ግሱም ቢሆን ሁሌ አይታመንም። ከሳሎን ሲጠሩን፣ ከአልጋ ሳንወርድ «መጣሁ! መጣሁ!» የምንል ሰዎች ነን። የእንግሊዝኛዋ «ናው» ግን ፊቷ ወደ አሁንና ወደ ፊት ነው። ላለቀ ነገር ብቻዋን አትሆንም። ሌላ ዕቃ ያስፈልገናል።

የእንግሊዝኛውን ሐረግ ሁሉ በጆሮ እንደሚሰማው በፊደላችን ጽፌዋለሁ። በዓይናችሁ አትለፉት፤ ጮክ ብላችሁ በሉት።

1. በአማርኛ የትኛውን ቃል ልትሉ እንደነበር ያዙ

ወደ እንግሊዝኛው ከመሮጣችሁ በፊት አማርኛችሁን ጠይቁት። ለቅርብ ጊዜ አማርኛ ሀብታም ነው። ከደቂቃዎች በፊት ከሆነ «አሁን» ወይም «ገና አሁን» እንላለን። ዛሬውኑ ሆኖ ሰዓታት ካለፉት «ቅድም» ነው። ጥቂት ቀናት ካለፉት «በቀደም» ነው። ቀናቱ ተያይዘው እስካሁን ከቀጠሉ «ሰሞኑን» ነው። ሳምንታት ወይም ወራት ከሆኑ «በቅርቡ» ነው። እነዚህ አምስቱ በእንግሊዝኛ አምስት የተለያየ መልክ አላቸው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሁሉንም «ናው» እና «ሪሰንትሊ» ውስጥ ስለምንጨምቃቸው ነው።

«ገና» ደግሞ ሁለት ፊት ስላላት ተጠንቀቁላት። «ገና አልበላሁም» ስትሉ አልሆነም፤ በእንግሊዝኛ «ኖት የት» ነው። «ገና መብላቴ ነው» ስትሉ ግን ሆኗል፤ እሱ «ጀስት» ነው። አንድ ሰው «ሃቭ ዩ ኢትን?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ የምትመልሱት ከእነዚህ አንዱን ነው። ብትቀያይሯቸው ወይ ጦማችሁን ታድራላችሁ፣ ወይ ሁለት ጊዜ ትበላላችሁ።

2. «ሃቭ ጀስት» የሚለውን አጥብቃችሁ ያዙ

ይህ ዋናው ነው። ሌላውን ብትረሱ ይህን አትርሱ።

አሠራሩ ቀላል ነው። «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ይቀድማል። «ጀስት» ይከተላል። ከዚያ የግሱ ሦስተኛ መልክ ይመጣል፤ ትምህርት ቤት «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያልን የሸመደድነው የመጨረሻው ማለት ነው። የእኔ የሪፖርት ነገር «አይ ሃቭ ጀስት ሴንት ኢት» ቢሆን ኖሮ ተገላግዬ ነበር።

አማርኛ ውስጥ ለዚህ የሚቀርበው «መምጣቴ ነው» የሚለው አነጋገር ነው። «አሁን መግባቴ ነው» ስትሉ፣ ከበሩ ገና አልራቃችሁም፤ ምናልባት ጫማችሁንም አላወለቃችሁም። «አይ ሃቭ ጀስት ካም ኢን» የሚለውም ስሜቱ ይኸው ነው። ነገሩ አልቋል፣ ዱካው ግን አለ። በዓረብ አገር ቤት ውስጥ የምትሠራ እህታችን «አይ ሃቭ ጀስት ሞፕድ ዘ ፍሎር» ስትል ስለ ትናንት ታሪክ እያወራች አይደለም። ወለሉ እርጥብ ነው፣ በጫማ እንዳትገቡ እያለች ነው። ቦሌ ዘመድ የሚጠብቅ ሰው «ዘ ፍላይት ሃዝ ጀስት ላንድድ» ሲባል ወደ መውጫው በር ይጠጋል። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ወንድማችን ለተሳፋሪው «አይ ሃቭ ጀስት ፑልድ አፕ» ብሎ ሲጽፍ፣ መኪናው ደጃፍ ላይ ቆማለች ማለት ነው፤ ተሳፋሪው ከቤት ይውጣ።

የ«ጀስት» ቦታ መሃል ነው። «አይ ጀስት ሃቭ ኢትን» አትበሉ። «አይ ሃቭ ኢትን ጀስት»ም አይሆንም።

ስለ አነባበቡ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያጣው እዚህ ነው። ፈረንጅ በፍጥነት ሲያወራ «አይ ሃቭ» አይልም። «አይቭ» ይላል፤ ያቺ «ቭ» ደግሞ ልትጠፋ ምንም አይቀራት። «ጀስት»ም ከኋላዋ ተነባቢ ከመጣ «ት»ዋን ትጥላለች። ስለዚህ «አይ ሃቭ ጀስት ሌፍት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጆሯችን ጋ ሲደርስ «አይቭ ጀስ ሌፍት» ሆኗል። እናንተም ስትናገሩ እንዲህ ብትሉት ማንም አይፈርድባችሁም። በተቃራኒው፣ እያንዳንዷን ድምፅ ነጥሎ መጥራት እንደተቆጣ ሰው ያስመስላል።

አሜሪካ ያላችሁ አሁን አንድ ጥያቄ አላችሁ፦ «እዚህ እኮ ሁሉም ሰው ‹አይ ጀስት ኤት› ነው የሚለው፤ ሃቩ የት ሄደ?» ልክ ናችሁ። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ከ«ጀስት» ጋር ተራውን ያለፈ ጊዜ መጠቀም የተለመደ ነው። «አይ ጀስት ኤት»፣ «ሺ ጀስት ሌፍት»፣ «ወት ዲድ ዩ ጀስት ሴይ?» ሁሉም ደህና ናቸው። እንግሊዞቹ ባለ «ሃቩን» ይመርጣሉ። እኔ የምመክረው ስትጽፉ፣ በተለይ ለፈተና፣ ባለ «ሃቩን» መያዝ ነው፤ የትም አገር አያሳፍርም። ስታወሩ ግን የሰፈራችሁን ሰው ምሰሉ።

3. ሰዓት ከጠራችሁ «ሃቭ»ን አሰናብቱ

የአበሻ እንግሊዝኛ ከሩቅ የሚታወቀው በዚህ ነው። «አይ ሃቭ ሲን ሂም ፋይቭ ሚኒትስ ኧጎ።» ስህተት ነው። «አይ ሃቭ ሶልድ ዘ ካር የስተርዴይ።» ይሄም ስህተት ነው።

ለምን እንደምንሳሳት ግን ግልጽ ነው። በአማርኛ «ከአምስት ደቂቃ በፊት አይቼዋለሁ» ብንል ምንም አይጎረብጥም። «ትናንት ሸጬዋለሁ»ም ያው ነው። አማርኛ «አይቼዋለሁ»ንና «ትናንት»ን አንድ ማዕድ ላይ ያስቀምጣል። እንግሊዝኛ አያስቀምጥም። «ሃቭ» ያለበት ግስ ያለቀ ቀጠሮ አይወድም። መቼ እንደሆነ ከተናገራችሁ፣ ታሪኩ ካለፈው ሳጥን ውስጥ ገብቷል፣ ተቆልፏል። «አይ ሶው ሂም ፋይቭ ሚኒትስ ኧጎ» በሉ። «አይ ሶልድ ዘ ካር የስተርዴይ» በሉ። በዚህ ላይ እንግሊዙም አሜሪካዊውም ይስማማሉ።

ራሳችሁን የምትፈትኑበት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «መቼ?» የሚለውን በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ መልሻለሁ ወይ? ከመለሳችሁ ተራ ያለፈ ጊዜ። ካልመለሳችሁ «ሃቭ ጀስት»።

«ኧጎ» የምትቀመጠው ከጊዜው መጠን በኋላ ነው። «ኧ ሞመንት ኧጎ»፣ «ኧ ሚኒት ኧጎ»፣ «አን አወር ኧጎ»። እኛ «ከ» እና «በፊት» ስለምንል፣ «ቢፎር ፋይቭ ሚኒትስ» የሚል ነገር አፋችን ላይ ይመጣል። እሱን ዋጡት።

መንገዴን ትቼ አንድ ነገር ልበል። ስለ ቅርብ ጊዜ ስታወሩ፣ በተለይ ከውጭ ሰው ጋር፣ የሰዓቱን ስም ከመጥራት «ይህን ያህል ደቂቃ በፊት» ማለት ይሻላል። የኛ 3 ሰዓት የነሱ 9 ነው። «ሂ ሌፍት አት ስሪ» ያለ ሰው ጧት ይሁን ከሰዓት በኋላ፣ በኛ ይሁን በነሱ፣ ለሰሚው እንቆቅልሽ ነው። «ሂ ሌፍት ቱ አወርስ ኧጎ» ላይ የሚከራከር የለም።

4. «ጀስት ናው» ጓደኛ ናት፣ ግን ተለዋዋጭ ናት

«አይ ሶው ኸር ጀስት ናው።» አሁን አየኋት። ቦታዋ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ ግሱም ተራ ያለፈ ጊዜ ነው። ያቺ ብቻዋን ያለፈ ነገር መሸከም ያቃታት «ናው»፣ «ጀስት» ስትደግፋት ትችላለች። «ሁ ኮልድ ጀስት ናው?» ማለትም ያው ነው፤ አሁን ማን ነው የደወለው?

ግን ይህቺው ሐረግ «በዚህ ቅጽበት» ማለትም ትሆናለች። «አይም ቢዚ ጀስት ናው» ያላችሁ ሰው አሁን ሥራ ይዞኛል እያለ ነው። ስኮትላንድ ያሉ ሰዎች ይህን አብዝተው ይሉታል። የሚለያቸው ግሱ ነው። ያለፈ ግስ ካለ ያለፈ፣ «አም» ወይም «ኢዝ» ካለ ያለ።

ደቡብ አፍሪካ ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ አካባቢ የሚነግዱ ልጆቻችን በደንብ ያውቁታል። እዚያ «አይል ዱ ኢት ጀስት ናው» ያለ ሰው «ትንሽ ቆየት ብዬ» ማለቱ ነው። ትንሹ ምን ያህል እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ቶሎ ነው ለማለት «ናው ናው» ይላሉ። እዚያ ከሆናችሁ ላለቀ ነገር «ሃቭ ጀስት»ን ተጠቀሙ፤ ከዚህ መደናገር ታመልጣላችሁ።

5. «ጀስት» ሌላ ምን ልትሆን እንደምትችል እወቁ

«ጀስት» ሁልጊዜ «አሁን» አይደለችም። «ብቻ»ም ናት። «አይ ጀስት ዎንት ዎተር» ውኃ ብቻ ነው የምፈልገው ነው። «ልክ»ም ናት፤ «ጀስት ላይክ ሂዝ ፋዘር» ቁርጥ አባቱን። «ለጥቂት»ም ትሆናለች፤ «ዊ ኦንሊ ጀስት ሜድ ኢት» ለጥቂት ደረስን።

አብዛኛውን ጊዜ አውዱ ይለየዋል። የማይለይበት ቦታ ግን አለ፤ እሱ ደግሞ ሐኪም ፊት ነው። «አይ ጀስት ቱክ ቱ ፒልስ» ብላችሁ አስቡ። አሁን ሁለት ክኒን ዋጥኩ ነው? ወይስ ሁለት ብቻ ነው የዋጥኩት? ነርሷ ቀጣዩን መድኃኒት መቼ እንደምትሰጥ የምትወስነው በዚያ ላይ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ቁንጅና አያስፈልግም። «አይ ቱክ ቱ ፒልስ ቴን ሚኒትስ ኧጎ» በሉ። ደቂቃውን ጥቀሱ። በድንገተኛ ስልክም እንዲሁ ነው። «ኢት ጀስት ሃፐንድ» አሁን ነው የሆነው ማለት ነው፣ ጥሩ ነው። ስንት ደቂቃ እንደሆነው ብትጨምሩበት ደግሞ ለሚረዳችሁ ሰው ይበልጥ ይጠቅመዋል።

6. ሄዶ የቀረውንና ሄዶ የመጣውን ለዩ

«ባንክ ሄጄ መጣሁ» በአማርኛ ሁለት ግስ ነው። እንግሊዝኛ በአንድ «ቢን» ይጨርሰዋል፦ «አይ ሃቭ ጀስት ቢን ቱ ዘ ባንክ»። ደርሼ ተመለስኩ። «ሂ ሃዝ ጀስት ጎን ቱ ዘ ባንክ» ካላችሁ ግን ሰውየው እዚያው ነው ወይም መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ራሳችሁ «አይ ሃቭ ጀስት ጎን» ስትሉ ሰሚው ፈገግ ካለ አትቀየሙት። ፊቱ ቆማችሁ «ሄጃለሁ» እያላችሁት ነው።

ቢሮ ለሚቀመጥ ሰው የምትጠቅም አንዲት ሐረግ ልጨምር። ሰው መጥቶ አለቃችሁን ቢጠይቅና እሳቸው በር ላይ ቢተላለፉ፣ «ዩ ሃቭ ጀስት ሚስድ ሂም» በሉ። «አሁን ወጡ፣ ተላለፋችሁ» ማለት ነው። አሜሪካ «ዩ ጀስት ሚስድ ሂም» ይበቃል። «ናፈቀህ» ማለት ነው ብሎ የደነገጠ ሰው አውቃለሁ፤ «ሚስ» ሁለቱንም ትሆናለች።

7. ከደቂቃ ወደ ቀን ስትሻገሩ

«ቅድም» በእንግሊዝኛ እኩያ የላትም። በጣም የምትቀርባት «ኧርሊየር» ናት፤ ቀኑ እንዲጠራ ከፈለጋችሁ «ኧርሊየር ቱዴይ»። «አይ ኮልድ ዩ ኧርሊየር» ማለት ቅድም ደውዬልህ ነበር ነው። ተራ ያለፈ ጊዜ ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

«በቀደም» ደግሞ «ዚ አዘር ዴይ» ናት። ቃል በቃል «ሌላኛው ቀን» ትመስላለችና ብዙ ሰው ለወደፊት ቀጠሮ ይጠቀምባታል። «ሌላ ቀን እንገናኝ» ለማለት «ሲ ዩ ዚ አዘር ዴይ» ብትሉ፣ ሰሚው ግራ ይገባዋል፤ ያለፈ ቀን ላይ ቀጠሮ ይዛችኋል። ለወደፊቱ «አናዘር ዴይ» ወይም «ሰም አዘር ታይም» በሉ። «አይ ሜት ዮር ብራዘር ዚ አዘር ዴይ» ግን በቀደም ወንድምህን አገኘሁት ነው፣ ያምራል።

«በቅርቡ» ላይ ነቃ በሉ። እኛ «በቅርቡ አገባች»ም «በቅርቡ ታገባለች»ም እንላለን። እንግሊዝኛ ሁለቱን አያቀላቅልም። ያለፈው «ሪሰንትሊ»፣ የሚመጣው «ሱን» ነው። «ሺ ዊል ጌት ማሪድ ሪሰንትሊ» የሚባል ነገር የለም።

«ሰሞኑን» በአብዛኛው «ሌትሊ» ናት፤ የተደጋገመ ወይም የቀጠለ ነገር ትወዳለች። «አይ ሃቭንት ስሌፕት ዌል ሌትሊ» ሰሞኑን እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ለሆነ ነገር «ሪሰንትሊ» ትሻላለች። «ሌት» ከሚለው «ዘገየ» ጋር አታምታቷት። «አይ ኬም ሌትሊ» ብሎ ማርፈዱን የሚነግር ሰው አለ፤ «አይ ኬም ሌት» ማለቱ ነው።

8. ሁለት ነገር ሲጋጭ

ወሬ ጥሩ የሚሆነው አንዱ ነገር ሳያልቅ ሌላው ሲደርስ ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ዳንኪራ ይመታል፦ «ገብቼ ሳልቀመጥ»፣ «ገና ከመግባቴ»፣ «አፌን ሳልዘጋ»፣ «ልወጣ ስል»። እንግሊዝኛም የራሱ አለው።

ያለቀው ነገር «ሃድ ጀስት» ይሆናል፣ የመጣው ነገር በ«ዌን» ይገባል። «አይ ሃድ ጀስት ሳት ዳውን ዌን ዘ ፎን ራንግ።» ገና ከመቀመጤ ስልኩ ጮኸ።

ሊጀመር ሲል የተቋረጠ ከሆነ «ዋዝ ጀስት አባውት ቱ» ነው። «አይ ዋዝ ጀስት አባውት ቱ ኮል ዩ» ልደውልልህ ስል ደወልክ ማለት ነው። እውነት ባይሆንም እንኳ ሰው ደስ የሚያሰኝ ሐረግ ነው። በመሃሉ የተቋረጠ ከሆነ ደግሞ፣ «ዊ ዌር ጀስት ቶኪንግ አባውት ዩ» ይባላል። አሁን ስምህን እያነሳን ነበር።

«ሃርድሊ ሃድ አይ ሳት ዳውን ዌን» እና «ኖ ሱነር ሃድ አይ ሳት ዳውን ዛን» የሚሉትም አሉ። ትርጉማቸው ያው «ገና ከመቀመጤ» ነው፤ «ሃድ» ግን ከባለቤቱ ቀድሞ ይወጣል። ጽሑፍ ላይ ያምራሉ፣ ካፌ ውስጥ ግን ከረባት አስረው የመጡ ይመስላሉ። ስታነቡ እንድታውቋቸው ያህል ነው።

9. ቡና እያፈላችሁ ተለማመዱ

ደብተር አያስፈልግም። ቡና ስታፈሉ እያንዳንዱን ሥራ እንደጨረሳችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት። ታጥቦ ሲያልቅ፣ «አይቭ ጀስት ዎሽድ ዘ ቢንስ»። ተቆልቶ ሲወጣ፣ «አይቭ ጀስት ሮስትድ ዜም»። ጭሱን ለእንግዳ እያሸተታችሁ ደግሞ «ፍሬሽሊ ሮስትድ ኮፊ» በሉ፤ አሁን የተቆላ ማለት ነው። ለምግብና ለመጠጥ «ፍሬሽሊ» ትስማማለች፣ ለሰው «ኒውሊ» ትሻላለች። ሙሽሮች «ኒውሊ ማሪድ» ናቸው።

ከዚያ ጀበናው እሳት ላይ እያለ ወደ ኋላ ተመልከቱና ሰዓት ጥሩበት፦ «አይ ሮስትድ ዜም ትዌንቲ ሚኒትስ ኧጎ»። «ሃቭ»ዋ እንደወደቀች ልብ በሉ። አንዱን ሥራ በሁለቱም መልክ መናገር ነው ልምምዱ። በሦስተኛው ቀን አፋችሁ ሳያስብ ይመርጣል።

እና አቦሉ ተጠጥቶ ሲያልቅ ጎረቤት በሩን ካንኳኳች፣ ስኒውን እያጠባችሁ «ዩ ጀስት ሚስድ ዘ ፈርስት ካፕ» በሏት። ለቶናው ትቀመጥ።